ክብሩን ወደዚህ ውሃ አያምጡት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለወንጌላዊ አምሳሉ፤

አባባ፣ የጌታ ሰላም ከቤትዎ እስከ ጓሮዎ ይብዛልዎ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ጆሮዎስ? ያ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርምብዎ ድምፅ ጋብ አለልዎ ወይስ ባሰበት? እማዬ እንዴት ናት? በዚህ ዝናብ ጉልበቷ አላስቸገራትም? ቁልቁለቱን ወርዳ ውሃ መቅዳቱን እንድትተው ነግሬያት ነበር፤ እንደማትሰማኝ ግን አውቃለሁ። ወንድሜ ክብሩስ? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሽታው ጥሎት ያውቃል? ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጥ ይውጣል? ይህን የመጨረሻውን የምጠይቀው ለሰላምታ ወግ አይደለም፤ ነገሩን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምዎ አይቀርም። በስልክ ስንነጋገር ጎረቤት ተጠርቶ የእኔን ቃል ጆሮዎ ሥር እየጮኸ ነው የሚደግምልዎ፤ ይህ ደግሞ መንደር እየሰማው የሚጮህ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወንድሙ በሚባለው የሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ። ነገ ዓርብ በጠዋት ወደ ዱራሜ ይነሣል፤ ከእርስዎ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። እባክዎ መጀመሪያ ብቻዎን ያንብቡት፤ ከዚያ ለእማዬ እርስዎ ይንገሯት።

እህትዎ አክስቴ ወርቄ ደውላ ሁለት ነገር እንደነገረችዎ አውቃለሁ፤ ስትደውል ከጎኗ ነበርኩ። አንደኛው፣ «ሳያት ክዳለች፤ እግዚአብሔር የለም ትላለች» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ «ክብሩን ይዘኸው ና፤ በሐይቁ ውሃ የሚጥል በሽታ የያዛቸው እየተፈወሱ ነው፤ ኪኒኑንም ከወዲሁ አስተወው» የሚለው ነው። እርስዎም እናስብበታለን ብለው እንደመለሱላት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ብዙም አልቀናኝም።

ስለ መጀመሪያው እውነቱን ልንገርዎ። «የለም» ብዬ አላውቅም። ያልኩት «አላውቅም» ነው። አክስቴ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታያትም፤ ምናልባት ለእርስዎም አይታይዎ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ የእንሰት በሽታ መንደሩን የፈጀበትን ዓመት ያስታውሳሉ። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያዣል፣ ቆጮ የሚሆን አልተረፈም። ሰዉ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ያሉት አዛውንት ረግመውን ነው ብሎ ሊያሳድዳቸው ሲነሣ፣ እርስዎ ከጸሎት በኋላ በየጓሮው ዞረው ቢላውን ተከተሉት። ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋዋሰው ቢላ የደረሰበት ሁሉ በሽታው ደርሷል። ቢላው በእሳት ሳይለበለብ እንሰት እንዳይነካ ተማጸኑ፤ በሽታውም እየቀነሰ ሄደ። በዚያው እሁድ «እግዚአብሔር ዓይን የሰጠን እንድንጨፍነው አይደለም» ብለው ሲሰብኩ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። እኔን ወደ ሐይቁ የላከኝ ያ ስብከት ነው፤ ወቀሳ አይሁንብዎ፣ ምስጋና ነው።

ሥራዬን ያውቁታል። የአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጅ በሆነው በዩኑስ ጀልባ ወደ ሐይቁ መሐል እየገባሁ ውሃ እቀዳለሁ። በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት እንዳይበሰብሱ ጠርሙሱ ላይ ቡናማ አዮዲን ጠብ አደርግበታለሁ፤ ከዚያ ላቦራቶሪ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሥራው ራሱ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። እያደር ግን አንዲት ጠብታ ውስጥ ስንቱ ስንቱን እንደሚበላ፣ ስንቱ ተወልዶ ማንም ሳያውቀው እንደሚያልቅ ሳይ፣ ይህ ሁሉ ስለ እኛ ምንም እንደማያውቅ ተሰማኝ። በእሁድ መዝሙር ላይ ቆሜ አፌ ይከፈታል፤ ድምፅ ግን እምቢ ይለኛል።

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ አፈሩንና ፍጉን አጥቦ ወደ ሐይቁ አስገባው። ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ ነፋሱም ቆመ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሐይቁ ጥግ ውሃው ቀለም የደፉበት መስሎ አረንጓዴ ሆነ። ላዩ ላይ እንደ ገንፎ የወፈረ ነገር ተጋገረ፤ ሽታውም ከሩቅ ያቅለሸልሻል። አልጌ ይባላል፤ አንዳንዱ ዓይነት ጉዳት የለውም፤ ይህኛው ግን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያወጣ ነው። ሊጠጡ የወረዱ ጥጆች እዚያው ዳር ላይ ሞተው ተገኙ። የጥጆቹን ሥጋ የቀመሰ ውሻም ብዙ አልቆየም።

በዚያ ሰሞን ነው ነቢይ ዋሲሁን የተነሣው። ቀድሞ የሂሳብ መምህር የነበረ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አክስቴ በስኳሩ ምክንያት እግሯ ቆስሎ ስትሰቃይ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ከልቡ አልቅሷል። እሱ አረንጓዴውን ውሃ ባየ ጊዜ «መልአኩ እንደ ቤተ ሳይዳ ውሃውን ነክቶታል፤ ሐይቁ ሕይወት አብቅሏል» ብሎ ሰበከ። ሰዉ በየሳምንቱ እየወረደ መጠመቅና መጠጣት ጀመረ። በሃይላንድና በጀሪካን እየቀዳም ለሕመምተኛ ይልካል። አክስቴ ኢንሱሊኗን ከፍሪጅ አውጥታ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከቆሻሻው አወጣሁት፤ እንደገና ጣለችው። «በአንድ እጄ መርፌ፣ በአንድ እጄ እምነት አልይዝም» አለችኝ።

ሳምሶንን ያስታውሱታል፤ በዘመድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ የተጫወተው፣ ወደ እርስዎ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ የነበረው ልጅ ነው። እናቱ በውሃው ተፈወሰች ከተባለ ወዲህ የዋሲሁን ቀኝ እጅ ሆኗል። በእሱ በኩል ለምኜ ነቢዩን ላቦራቶሪ ድረስ አስመጣሁት። መጣ፤ ለዚህም አከብረዋለሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ብዙ ቆየ። እዚያ የሚታዩት በክር እንደተሰካ ዶቃ የተያያዙ፣ ጥቅልል ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ያምራሉ፣ አልዋሽም። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህን በየቀኑ እያየሽ ነው የምትጠራጠሪው?» አለኝ። መርዝ ነው፣ ጥጆቹን የገደለው ይህ ነው፣ ሕፃንና በሽተኛ አይችለውም አልኩት። «እግዚአብሔር የሠራውን ሁሉ መልካም እንደሆነ አየ ይላል ቃሉ። አንቺ በመስታወት ታያለሽ፤ እኔ በእምነት አያለሁ» አለና እጄን ጨብጦ አመስግኖኝ ሄደ። ሲሄድ ጠብታውን ተመልሼ አየሁት። አባባ፣ ያንን ውበትና ያንን መርዝ አንድ እጅ ከሠራቸው፣ ያ እጅ ምን ዓይነት እጅ ነው? ይህን ጥያቄ ለእርስዎ እንጂ ለማንም አልጠየቅሁም።

በተከተለው እሁድ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ዋሲሁን አላባረረኝም፤ እንዲያውም ማይክራፎኑን ሰጥቶ «እህታችን ትናገር» አለ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይህን ውሃ የጠጣ ይታመማል አልኩ። እነሱም እያዩኝ ጠጡ። አንድም ሰው አልታመመም። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በዋዜማው ነፋስ ተነሥቶ የተጋገረውን ወደ ማዶ ገፍቶት ነበር። ያን ጠዋት ውሃውን አልቀዳሁም። የትናንቱን ይዤ ስለ ዛሬው ተናገርኩ። ነቢዩን ያለ ማስረጃ ይናገራል እያልኩ የምወቅስ ሴት፣ እኔም ያለ ማስረጃ ተናገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሰተኛዋ ነቢይት እኔ ሆንኩ። የዋሲሁን ስም ግን እስከ ወላይታና እስከ ባሌ ተሰማ፤ ሕዝቡ በአይሱዙ እየተጫነ መጣ።

ሊጻፍ የሚያሳፍር ነገር ልንገርዎ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መስኮት ላይ ተቀምጬ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሆዱን ይይዝ እንደሆነ፣ ያስመልሰው እንደሆነ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። እውነተኛ እንድባል ሰው እንዲታመም ፈለግሁ። እውነትን ፍለጋ ነው የወጣሁት የምል እኔ! ያኔ ከዋሲሁን ይልቅ ራሴን ፈራሁ።

ከዚያ በቀጠለው እሁድ ነፋስ አልነበረም። ጠዋት ቀድቼ አየሁት፤ እንደዚያ ወፍሮ አይቼው አላውቅም። ሮጬ ሄድኩ፤ የዚያን ቀን ግን ማይክራፎን የሰጠኝ የለም፤ አስተናባሪዎቹ ትከሻዬን ይዘው ወደ ኋላ መለሱኝ። ዋሲሁን ራሱ ቀድሞ በእፍኙ ጠጣ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ውሃው ስትገባ በሰው ራስ ላይ አሻግሬ አየኋት። ስሟን ጠራሁ፤ ሞንታርቦው ዋጠኝ።

ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ ያስመልስ ጀመር። በማግሥቱ አክስቴ ራሷን ስታ አገኘኋት፤ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ስኳሩም ውሃውም ተባብረው ነው የጣሏት። አባባ፣ አይደንግጡ፤ መርዶ በደብዳቤ የምልክ ልጅ አይደለሁም። ነቅታለች፤ ወደ ቤታችን ተመልሳ ሾርባም ትጠጣለች። አንዲት ከእናቷ ጋር የመጣች ትንሽ ልጅ ግን አልነቃችም። ስሟን አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ ፈራሁ።

አሁን እዚህ ያለውን ነገር ልብ ብለው ያንብቡልኝ። ዋሲሁንም ታሞ ነበር፤ ገርጥቶ፣ ሰው ደግፎት መድረክ ላይ ወጣ። ውሃውን የሚተወው መስሎኝ ነበር። «በሰፈሩ መካከል አካን አለ፤ እሱ ሳይወጣ መልአኩ አይመለስም» አለ። ስም አልጠራም። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ሴት ግን «ጀልባ ላይ ሆና ቡናማ ነገር ስትጨምር በዓይኔ አይቻለሁ! ውሃውን የመረዘችው እሷ ናት!» ብላ ጮኸች። አዮዲኑን ማለቷ ነው። ዋሲሁን አዎም አይደለምም አላለም፤ ዓይኑን ጨፈነ። አካንን እስራኤል በድንጋይ እንደወገሩት ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ በከሰል «አካን» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። አጠብኩት፤ ተመልሶ ተጻፈ። የዩኑስ ጀልባ ገመዱ ተቆርጦ ደንገል ውስጥ ተገኘ። ዩኑስ አቀርቅሮ «እህቴ፣ አላህ እውነቱን ያውቃል። እኔ የምፈራው የማያውቀውን ሰው ነው፤ ልጆች አሉኝ» አለኝ። አልተቀየምኩትም። መሥሪያ ቤቴም ነገሩ እስኪበርድ ከቤት እንዳልወጣ አዟል፤ ውሃው አደገኛ ነው የሚል ማስታወቂያ ቢለጥፉም ሌላ ሰው ገንጥሎታል።

ሳምሶን ትናንት መጣ። ከበሩ አላለፈም። «ሳያት፣ ይቅርታ ጠይቂ። ተሳስቻለሁ ብቻ በይ፣ እኔ አስታርቅሻለሁ» አለኝ። የሞተችውን ልጅ አይተሃታል ወይ አልኩት። «አይቻታለሁ» አለ። ታዲያ እንዴት ዝም ትላለህ ስለው «ይህ ውሸት ከሆነ የእናቴም መዳን ውሸት ሊሆን ነው። ወዴት ልሂድ?» አለኝ። ሊሄድ ሲል ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይቶ፣ እሁድ እዚያ እንዳትታዪ፣ ካየሁሽ ላድንሽ አልችልም ብሎኝ ሄደ።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን በእሱ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ጠዋት አክስቴን ኢንሱሊኗን ስወጋት ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እንደለመደችው ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጠያቂዎች ሲመጡ በጸሎት ነው የተነሣሁት ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ዛሬ ግን መርፌውን ሳወጣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ውሃው አሁንም አረንጓዴ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ክብሩ እንዳይመጣ ጻፊለት። እኔ ደውዬ ልነግረው አልችልም፤ አፌ እምቢ ይለኛል። አንቺ ጻፊ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የምታለቅስ መስሎኝ እጇን ያዝኩ፤ አላለቀሰችም፤ ግን እጇን አልነጠቀችኝም።

ስለዚህ አባባ፣ እለምንዎታለሁ። ክብሩን ወደዚህ ውሃ አያምጡት። ኪኒኑን አስተውተውት ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱትና ሐኪሙ እንዴት እንደሚጀምርለት ይጠይቁ። ሌላ ሰው ወደዚህ ሊመጣ ሲነሣ ካዩም እንደ ቢላው ጊዜ ከፊቱ ይቁሙበት። የእርስዎን ቃል ይሰማሉ፤ የእኔን ግን አይሰሙም።

ይህን ስጽፍ ውጭ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ ያልፋል። «እሁድ ታላቅ የመንጻት ቀን» እያለ ነው። የባሕር ዛፉን ቅጠል በመስኮት አየዋለሁ፤ አይንቀሳቀስም። ሐይቁ ላይ ትንፋሽ የለም። እሁድ ቤት ተቀመጪ ይሉኝ ይሆናል፤ ልቀመጥ አልችልም። ያቺን ትንሽ ልጅ የመሰሉ ብዙ ይመጣሉ። በጠዋት ቀድቼ አየዋለሁ፤ ያየሁትን ይዤ ዳርቻው ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ የሚሆነውን አላውቅም።

እርስዎ እንደሚጸልዩልኝ አውቃለሁ። ለማን እንደሚደርስ በማላውቀው ጸሎት አንድ ነገር ልለምንዎ። እውነቷ ይገለጥላት ብለው አይጸልዩልኝ። እምነቷ ይመለስላት ብለውም በዚህ ሳምንት አይጸልዩልኝ፤ እሱ ይቆየን። ቅዳሜ ሌሊቱን ነፋስ እንዲነሣ ይጸልዩ። ነፋስ ከመጣ ያን ነገር ይገፋዋል፤ ማንም አይታመምም፤ እኔም እንደገና ውሸታም እባላለሁ። ይበሉኝ። ይህን ከልቤ ነው የምጽፍልዎ፤ ከልቤ መሆኑን ለማወቅም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ስለ እኔ ከልክ በላይ እንዳታስብ፣ የነገርኳትን የጉልበት ቅባትም እንዳትረሳ። ለክብሩ እህትህ ናፍቃሃለች፣ ኪኒንህን ዋጥ፣ እሳት አጠገብ ብቻህን አትቀመጥ ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴ ሮሆቦት ፈተናዋን በርትታ ታጥና፤ ስለ ሥነ ሕይወት የጠየቀችኝን ጥያቄ አልረሳሁትም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መጠየቋንም እንዳትተው። ለጎረቤታችን ለጋሽ ገብረጻድቅ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ አክስቴ ወርቄም ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ትላለች፤ ይህን ስትል ድምጿ ደህና ነበር።

የማትረሳዎ ልጅዎ፣
ሳያት አምሳሉ
ሀዋሳ፣ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.